በሰው አገር የአገርን ቡና ስለ መፈለግ

በኅዳር ወር ለጉዳይ ወደ ጅማ ወርደን በነበረ ጊዜ አንዲት የምናውቃቸው ወይዘሮ ወደ መርካቶ ሲወጡ አብረናቸው እንድንሄድ ለመኑን። ቀኑ ሐሙስ ስለ ነበረ ገበያው ከጧት ጀምሮ ሞልቶአል። ወይዘሮዋ በዓመት አንድ ጊዜ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ለምትኖረው ሴት ልጃቸው ስንቅ ይልካሉ፤ እኛንም የፈለጉን ዕቃ እንድንይዝላቸው ሳይሆን አንድ ነገር ሊጠይቁን ኖሮአል። ጥያቄያቸውን ከዚህ ዝቅ ብለን እንጽፈዋለን። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢመስልም፣ ልጁን ወይም ወንድሙን በሰው አገር ያላስቀመጠ ቤት ዛሬ ጥቂት ነውና፣ በዚህ ዓምድ ብናወጣው ለብዙዎች አንባቢዎቻችን የሚጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን። የዓመቱንም ቍጥር፣ ነገሩ ከውጭ አገር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ በኤውሮጳ አቈጣጠር ማድረጋችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጅማ ገበያ ጥንት ሒርማታ ይባል ነበር። ከሸዋ ወደ ከፋ በሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ በመቀመጡና ከንጉሡ መኖሪያ ከጅሬን ባለመራቁ በ19ኛው መቶ ዓመት በየሳምንቱ እስከ 30 ሺሕ ሰው ይሰበሰብበት እንደ ነበረ ተጽፎአል። መርካቶ የሚለው ቃል ግን የጣልያን ነው፤ ትርጓሜው ገበያ ማለት ብቻ ነው። ጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 በቈዩባቸው ዓመቶች ከተማዪቱን በአዌቱ ወንዝ ዳር ሲሠሩ ዱቄታቸውን፣ ፓስታቸውንና ሳልሳቸውን እንዳመጡ የቀረልን ቃል ይመሰክራል፤ ፉርኖ ብለን የምንጠራውም ዳቦ ከእነርሱ የመጣ ነው። በሰው አገር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ በመልካም የመጣ ቢሆን በክፉ፣ የለመደውን መብል ከመፈለግ የማይቈጠብ መሆኑን ከዚሁ ከገበያው ስም ማየት ይቻላል።

ወይዘሮዋ በቅመም ተራ ጀመሩ። ኮረሪማውን ሲገዙ ከዘለላው አንዱን ፍሬ በጥፍራቸው ሰነጠቁና ዘሩን አሸተቱ፤ ሽታው የደከመውን መልሰው ጣሉት። ኮረሪማ በከፋና በአካባቢው ጫካ ውስጥ የሚበቅል የአገራችን ቅመም ስለ ሆነ የጅማ ሴት በዚህ አትታለልም። ቀጥለው ጥቁር አዝሙድ፣ ኮሰረትና በሶብላ ገዙ። በርበሬውና ሽሮው በቤታቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ ቡና ተራ ደረስን።

ከአንዱ ነጋዴ ፊት ቆመው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘገኑና በመዳፋቸው ላይ በተኑት። እኛም ጠጋ ብለን አየን። ጥቁር ፍሬ አለበት፤ የተሰበረ አለበት፤ ነቀዝ የበሳው አለበት፤ ሳይበስል የተለቀመም አለበት።

«ይህ የየት ነው?» አሉት።

«የጎማ ነው፣ እናቴ።»

«የጎማ ቢሆን እዚህ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

ነጋዴው አልተቈጣም፤ ሣቅ ብሎ፣ «እውነትዎን ነው፤ ዋናው ወደ አዲስ አበባ ሄዶአል። እኛ የምንሸጠው ከዚያ የተረፈውን ነው» አለ። ወይዘሮዋ ቡናውን ወደ ጆንያው መለሱና ሳይገዙ ሄዱ። ለሰውዬው ስለ እውነተኛነቱ ምስጋና ይገባዋል።

ወደ ቤት ተመልሰን ቡናው ሲፈላ ነገሩን ገለጡልን። ዓምና ሦስት ኪሎ ቡና ቈልተውና አስፈጭተው ልከው ነበር። ልጅቱም በቴሌፎን፣ «እማዬ፣ ቡናው እንደ ድሮው አይደለም፤ እባክሽ ለእሱ አትድከሚ፣ እዚህ ጥሩ አግኝቻለሁ» አለቻቸው። ያገኘችውን ቡና ከረጢት ፎቶግራፍ አንሥታ ልካላቸዋለች፤ እኛም አየነው። ሩብ ኪሎው 9 ኤውሮ የተከፈለበት ነው፤ በላዩም «አጋሮ፣ ኢትዮጵያ» የሚል ተጽፎበታል። አጋሮ ከወይዘሮዋ ደጅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ የተወለዱትም በዚያ በጎማ ወረዳ ነው። «እንግዲህ እርስዎ ብዙ አይተዋልና ይንገሩኝ» አሉን። «ልጄ የተወለድሁበትን አገር ቡና ከፈረንጅ ሱቅ ገዝታ የምትጠጣ ከሆነች፣ እኔ ከመርካቶ የምለቅምላት ለምን ይሆናል? መላኩን ልተው?»

በቶሎ የምንመልሰው ጥያቄ አልነበረም። ምክንያቱ ከእርሳቸው እጅ ሳይሆን ከቡናው ንግድ አካሄድ የመጣ ነውና፣ ይህን ጥቂት ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን፤ ግማሹ ወደ ውጭ ይሄዳል። የውጭ ገንዘብ የሚያመጣው ይኸው ሁለተኛው ግማሽ ስለ ሆነ፣ ለውጭ ገበያ ብቁ ሆኖ የተመደበ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለብዙ ዘመን በሕግ ተከልክሎ ቈይቶአል። በዚህም ምክንያት በቡና አገር መካከል ያለው ገበያ የሚያገኘው በምርመራ የወደቀውን ነው። ሕጉ ለመንግሥት ሣጥን የሚጠቅም መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ቡናውን ኰትኵታ ያሳደገች ሴት ከገበያ ልግዛ ብትል የምታገኘው የወደቀው መሆኑ ያሳዝናል። ከገዛ ጓሮዋ ለቅማ የምትጠጣ ካልሆነች በቀር የጅማ ሰው የጅማን መልካም ቡና አያውቀውም ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። በዓለም የቡና ንግድ «ጅማ» የሚባለው ስም ለብዙ ዓመት ያመለከተው ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀውን ቡና ነው፤ ደረጃውም ብዙውን ጊዜ አራትና አምስት ነበር። ገበሬው እሸቱን በመሬት ላይ አስጥቶ ያደርቀዋል፤ የበሰለውና ያልበሰለው ይቀላቀላል፤ ዝናብም ይነካዋል። ነጋዴውም በርካሽ ገዝቶ ከሌላ አገር ቡና ጋራ ይደባልቀዋል። ከዚያው ከአካባቢው እሸቱ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎና ታጥቦ የደረቀው ቡና ግን «ሊሙ» እየተባለ በሌላ ስምና በሌላ ዋጋ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ሆኖ ጎረቤታሞች የሆኑ ኮረብቶች አንዱ የተመሰገነ፣ አንዱ የተናቀ ስም ይዘው ኖሩ። መንግሥታችን በኋላ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስም በውጭ አገሮች የንግድ ምልክት አድርጎ ሊያስመዘግብ ተነሥቶ፣ በ2007 ከትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ከስታርባክስ ጋራ ስምምነት ሲያደርግ፣ ከሦስቱ ስሞች መካከል ጅማ አልነበረችም።

ይህ ሁሉ የተለወጠው በቅርብ ዘመን ነው። ከ2009 ገደማ ጀምሮ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር እየሆኑ የቡና ማጠቢያ አቆሙ። ከእነዚህም አንዱ፣ በ2010 የተመሠረተው ዱሮሚና የተባለው ማኅበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአፍሪቃ የቡና ውድድር አንደኛ ሆነ። ዛፉ ያው ነው፤ አፈሩም ያው ነው። የተለወጠው ቀይ ቀዩን ብቻ መልቀም፣ በዕለቱ መፈልፈል፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብና በአልጋ ላይ ማድረቅ ነው። እንደ ገና የምርት ገበያ ድርጅት በ2008 ከቆመ በኋላ ቡናው በአገሩና በደረጃው እየተደባለቀ ይሸጥ ስለ ነበረ የመንደሩ ስም ይጠፋ ነበር፤ ማኅበሮቹ ግን በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር። በ2017 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ቡናው የማጠቢያውን ስም ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደ። የወይዘሮዋ ልጅ በሐምቡርግ «አጋሮ» የሚል ጽሑፍ ያነበበችው በእነዚህ ነገሮች ምክንያት ነው። ለእናቲቱ ያሳፈራቸው ከረጢት ለአጋሮ ገበሬ ክብሩ መሆኑን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሱስ ደስ ይላል» አሉ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙዎች የማያውቁትን አንድ ነገር እንጨምር። በውጭ አገር በሚሸጡ የጉጂ፣ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ቡና ከረጢቶች ላይ ብዙ ጊዜ 74110 ወይም 74112 የሚል ቍጥር ይታያል። ይህ የዋጋ ቍጥር ወይም የመጋዘን ምልክት አይደለም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በተገኘ ጊዜ በጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚችሉ ዛፎችን ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እየፈለገ መረጠ፤ በ1974 የተመረጡት ስለ ሆኑ ቍጥራቸው በ74 ይጀምራል። ስለዚህ ከጅማ የሄደ ልጅ በውጭ አገር የጉጂን ቡና ሲገዛ፣ የሚጠጣው በገዛ ከተማው አጠገብ ተመርጦ የተላከ ዘር ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚበልጥም አለ። ጌሻ ከሚባለው ከምዕራቡ አገራችን በ1930ዎቹ የተወሰደ ዘር በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም በፓናማ ተተክሎ በ2004 በዚያ አገር የቡና ውድድር ተሸለመ። በ2019 ከዚህ ዘር የተገኘ አንድ ፓውንድ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ በጨረታ 1,029 ዶላር ተሸጠ። ይህን ለወይዘሮዋ በነገርናቸው ጊዜ አላመኑንም፤ እኛም አልፈረድንባቸውም።

አሁን በሰው አገር ለተቀመጠው ሰው የሚጠቅመውን እንናገር። እኛም ራሳችን ከዚህ ቀደም በአንድ የኤውሮጳ ከተማ ሳለን ከአንድ ሱቅ የአገራችን ስም የተጻፈበት ቡና በደስታ ገዝተን፣ ቤት ወስደን ብናፈላው፣ ሽታ የሌለው ጥቁር ውሃ ሆኖብናል። ስሙን አንብበን ቀኑን ሳናነብ በመቅረታችን የደረሰብን ነው። የተቈላ ቡና ሳይፈጭ ቢቀመጥ መልካም መዓዛው የሚቈየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የሚገዛው ሰው በከረጢቱ ላይ መጀመሪያ የተቈላበትን ቀን ይፈልግ፤ የተቈላበት ቀን ያልተጻፈበትን ቢተወው ይሻላል። ቀጥሎ የወረዳውን ወይም የማጠቢያውን ስም ይመልከት፤ አጋሮ፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ የሚል ቢያገኝ ወደ ጅማ ቀርቦአል። ኢትዮጵያ የሚል ብቻ የተጻፈበት ከየት እንደ ተቀላቀለ አይታወቅም። ወቅቱንም ማሰብ ይገባል፤ የጅማ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ስለ ሆነ፣ ተዘጋጅቶና በመርከብ ተጭኖ ኤውሮጳ የሚደርሰው ከዚያ ብዙ ወር ዘግይቶ፣ በእነርሱ ጸደይና በጋ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥሬውን ማግኘት ነው። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና ቀዝቀዝ ባለና እርጥበት በሌለው ቦታ ቢቀመጥ ብዙ ወር ሳይበላሽ ይቈያል። ወይዘሮዋ ዓምና የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጄ አትድከም ብለው ቈልተውና አስፈጭተው ላኩ፤ መንገደኛው እስኪነሣና ዕቃው እስኪደርስ ወር አለፈ፤ የደረሰውም ቀለሙ ብቻ ነበረ። በጀርመን አገር ደግሞ በተቈላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ኤውሮ የቡና ግብር ይከፈልበታል፤ በጥሬው ላይ ይህ ግብር የለም። በዚያ አገር ያሉ አንዳንድ ቈዪዎች፣ ብንጠይቃቸው፣ ጥሬውን በኪሎ ይሸጣሉና ነውር ሳይሉ መጠየቅ ነው። ከአገር ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው ግን መንገደኛ ሊይዘው የሚፈቀደው ቡና በደንብ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ከመነሣቱ በፊት የዚህንም የዚያንም አገር ጉምሩክ ይጠይቅ፤ በቦሌ ሻንጣ እየተፈታ ሲለመን ማየት ለማንም ክብር አይሆንም።

መቍላቱ ራሱ በሰው አገር ቀላል አይደለም። በኤውሮጳ ቤቶች ጣራ ላይ ጢስ ሲነካው የሚጮኽ ደወል አለ፤ ለእሳት አደጋ የተደረገ ነው። ደወሉ ቡናና ቃጠሎን አይለይም። ብዙ የአገራችን ሴቶች በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቱን ሁሉ አስደንግጠዋል፤ ማጨሻውንም ጨምረው ዕጣን ያደረጉ የእሳት አጥፊዎችን መኪና እስከ ማስመጣት የደረሱ አሉ። የማብሰያ ቤቱን በር ዘግቶ መስኮቱን መክፈት፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መቍላት፣ ዕጣኑንም ቡናው ከተቈላ በኋላ ማድረግ ይበቃል። ደወሉን ነቅሎ መተው ግን አደጋ ስለ ሆነ አንመክርም።

ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በሐምቡርግ፣ ከባሕሩ እኩል በሆነው ስፍራ፣ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም። በጅማ ጀበናው እስኪገነፍል የምትጠብቅ ሴት እዚያ ብትደርስ በዚያው ልማድ ቡናውን ታመርረዋለች። ሊገነፍል ሲል ፈጥኖ ማውረድና እንዲሰክን መተው ነው። እንደ ሎንዶን ባሉ ከተሞች ደግሞ ውሃው ኖራ ስለሚበዛበት የቡናውን ጣዕም ያደነዝዘዋል፤ በማጣሪያ የተጣራ ውሃ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ወይዘሮዋ የውሃውን ነገር ሲሰሙ፣ «ለካ ጀበናውን ስትረግም የኖረችው በከንቱ ነው» አሉ። ሸክላው ሻንጣ ውስጥ ስለ ተሰነጠቀ ነው የመረረኝ ትላቸው ነበር አሉ።

ስለ ሌላው ስንቅ በአጭሩ እንናገራለን። እንጀራ ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን እየተጫነ ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮጳ ይላካል። ጤፉ ሳይፈጭ ከአገር እንዳይወጣ መንግሥት በ2006 ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተዘራ ነው፤ በሆላንድም ይዘራል። በሆላንድ አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የእኔ ነው ብሎ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ያንን መብት ዋጋ የለውም ብሎ ሰረዘው። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ እንደዚሁም በሎስ አንጀለስ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው መንገድ፣ በርበሬና ሽሮ መፈለግ አያደክምም። በሐምቡርግ ያለ ሰው ግን በከተማው ካሉት ጥቂት የአበሻ ሱቆች ያጣውን ከፍራንክፈርት ማስመጣት ይኖርበት ይሆናል። በዐረብ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ቡናው ሳይጠቍር ተቈልቶ፣ ከሄል ጋራ ፈልቶ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ሄል የኮረሪማ ዘመድ ስለ ሆነ ቶሎ ይለምዱታል።

ስለ ቅቤ ግን ለብቻው መናገር አለብን፤ ብዙ እናቶች የሚያዝኑበት ነውና። የኤውሮጳ ኅብረት አገሮች ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ስለዚህ ቅቤው፣ ቋንጣውና አይቡ በአይሮፕላን ጣቢያ ተይዞ ይጣላል። እርጥብ የጤና አዳም ቅጠልም ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም። ወይዘሮዋ በየዓመቱ ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ ይልኩ ነበር፤ ስንት ጊዜ ደርሶ ስንት ጊዜ እንደ ተጣለ ልጅቱ ለእናቷ አልነገረቻቸውም። እኛም ልጅቱን አንወቅስም። የሚሻለው መንገድ ደረቁን ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድና አብሽ መላክ ነው፤ ጨው የሌለበት ቅቤ በዚያ አገር በየሱቁ ሞልቶአልና እዚያው ታነጥረዋለች። ላሟ የጀርመን ብትሆንም ቅመሙ የእናቷ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ለወይዘሮዋ ጥያቄ የሰጠነው መልስ መላኩን አይተዉ የሚል ነበር፤ ነገር ግን ከመርካቶ አይሁን አልናቸው። በዚያው ሳምንት ወደ አጋሮ ሄዱ። ወንድማቸው በጎማ ከቤቱ ጓሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያሉ ቡናዎች አሉት፤ ገበሬ ደግሞ ለቤቱ የሚጠጣውን ከማስቀረት የሚከለክለው የለም። ወይዘሮዋ ቀይ ቀዩን በእጃቸው ለቀሙ፤ የወንድማቸው ልጆች አረንጓዴውን ቀላቅለው ሲያመጡ መልሰው ያበጥሩት ነበር። በመሬት ላይ መስጣቱን ትተው በቀርከሃ አልጋ ላይ አሰጡት፤ ቀትር ሲሆን ይሸፍኑታል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ያገላብጡታል። ሦስት ሳምንት ያህል በዚያ ቈዩ። ጀንፈሉ በደንብ ደርቆ ሲወቀጥ፣ ፍሬው ተለይቶ በሰፌድ ላይ ሦስት ጊዜ ተለቀመ። የወንድማቸው ሚስት፣ «እትዬ፣ ለዳኛ ነው እንዴ የሚቀርበው?» እያሉ ይሥቁባቸው እንደ ነበረ ሰምተናል።

ቡናው በገና ማግስት ከሚሄድ አንድ ዘመድ ጋራ በተፈቀደው ልክ ተላከ። ከእርሱም ጋራ ኮረሪማውና ደረቁ ቅመም ሁሉ ሄደ፤ ቅቤው ቀረ። ከረጢቱ ውስጥ የአቈላሉንና የውሃውን ነገር በወረቀት ጽፈን አኖርንላቸው፤ ወይዘሮዋም ቃሉ ከእርሳቸው የመጣ እንዲመስል እንድናደርግ አዘውን ነበርና እንዲሁ አደረግን።

በጥር መጨረሻ ወሬውን ጠየቅናቸው። ልጅቱ በእሑድ ቀን መስኮት ከፍታ ቈልታ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም አፍልታ ጠጥታለች። ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኾአል። እናቲቱ አላስችል ብሎአቸው፣ «የከረጢቱ ይሻላል ወይስ የእኔ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱም የከረጢቱ እንደ ሎሚ ጠረን የጠራ ነው፤ ያንቺው ግን ወፍራም ነው፣ በረካው እንኳ አልቀጠነም፤ ሁለቱንም እጠጣለሁ ብላ መለሰችላቸው። ወይዘሮዋ ይህን መልስ ሲነግሩን ግማሹን ወድደውት ግማሹን አልወደዱትም። ከፍሬው መካከል አንዲት ጥቁር እንደ ተገኘችም ልጅቱ ሳትደብቅ ነግራቸው ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ ለቅሜው ከየት መጣች እያሉ እስከ ምሽት ተከራከሩን። ለሚመጣው ዓመት ኮረሪማው እንዲጨመር፣ በርበሬው ግን እንዲቀነስ ታዝዞአል።